«የኔ» ያልኋት ኳስ

የግራ እጄ ትንሿ ጣት አትታጠፍም። ቀኝ ትከሻዬ ደግሞ ክረምት ሲቃረብ ከሬዲዮው ቀድሞ ዝናቡን ይናገራል። ከዚህ በቀር በጤና ከሥራዬ ወጥቻለሁና ፈጣሪ ይመስገን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በረኛ ነበርሁ። ፍኖተ ሰላም ጀመርሁ፣ ቡሬ ተጫወትሁ፣ ሩቅ ከተማ ሄጄ ተመለስሁ፣ ዘንድሮ ደግሞ እዚሁ በጀመርሁበት ሜዳ ጓንቴን ፈታሁ።

ትምህርቴን ያቆምሁት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። መጻፍ የተማርሁት መናኸሪያ ውስጥ ጋዜጣ ከሚያዞር ሰው የስፖርቱን ገጽ እየተዋስሁ ነው፤ ሳላጨማድድ አንብቤ ሳላጨማድድ እመልስለት ነበር። ልጆቼ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። ይሳቁ። ያልተከፈለበትን ወረቀት አጨማዶ የሚመልስ ሰው ምን እንደሚሆን ሲያድጉ ያዩታል።

በስንብቴ ቀን ብዙ ሰው ተነሥቶ ስለያዝኋቸው ኳሶች ተናገረ። ስላመለጡኝም የቀለዱ ነበሩ። ስለ አንዲት ኳስ ግን እንግዳ አለ ብለው ሁሉም ዝም አሉ። ጨዋነታቸው ነው። እኔ ግን ልጆቼ ከሌላ ሰው አፍ እንዲሰሟት አልፈልግም። በዚያች ኳስ ምክንያት አንድ ምንም ያላደረገ ሰው ስሙን አጥቶ ሦስት ዓመት ኖሯል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እንዴት እንዳጠፋሁትና እንዴት እንደመለስሁት እጽፋለሁ፤ የቀረውን የሥራ ዘመኔን በመንገድ እናገኘዋለን።

በረኛ ያደረጉኝ አያ ደምሌ ናቸው። ላህ በሚባል ወንዝ ዳር የማንጎ አትክልት ይጠብቁ ነበር። በወጣትነታቸው ለአንድ የፋብሪካ ቡድን በረኛ ነበሩ፤ ሁለት ጣቶቻቸው እንደ ማጭድ ጎብጠው የቀሩት በዚያ ነው። ያገኙኝ ማንጎ ስሰርቅ ነው። ጓደኛዬ ዛፍ ላይ ወጥቶ ይጥላል፣ እኔ ከታች እቀበላለሁ። ድንገት ሲደርሱብን እሱ ዘሎ አመለጠ፤ እኔ ክንዴ ሙሉ ማንጎ ታቅፌ ቀረሁ። አንዱን አንሥተው አገላብጠው አዩት። ሌላውንም አዩት።

«ስንቱ ወደቀብህ?» አሉኝ።

«አንድም» አልሁ።

«እንግዲያው ነገም ና። በበሩ ግን ግባ።»

በማግስቱ በበሩ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ማንጎው በደረሰ ቁጥር ለቃሚው ከላይ ይጥላል፣ እኔ እይዛለሁ። የበሰለ ማንጎ ጠባዩ ክፉ ነው። ጣትህ ከጨከነበት የዚያን ቀን ምንም አይልም፤ ሲያድር ግን ጣትህ ያረፈበትን ቦታ አጥቁሮ ያወጣል። አያ ደምሌ የያዝሁትን ሁሉ ለብቻ ያሳድሩና ጠዋት ይጠሩኛል። «ይኼን በአውራ ጣትህ ጨምቀኸዋል። ይኼኛው ሲመጣ እጅህ ተገትሮ ጠብቆታል። ይኼ ደህና ነው።» ነገሩ እጅን ትንሽ አብሮ ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ እንግዳ በር ላይ ተቀብሎ ወደ ቤት እንደማስገባት። ኋላ በዝናብ የተመታ፣ እንደ ሳሙና የሚያዳልጥ ኳስ ከደረቴ ላይ የማይነጥረው ለምን እንደሆነ አሠልጣኞች ሲጠይቁኝ ማንጎ ነው ብዬ እመልስ ነበር። ቀልድ ይመስላቸዋል።

ሁለተኛው ልማዳቸው የእግር ነው። ከጨዋታ በፊት አንድ ጫማቸውን ያወልቃሉ። ከቋሚ እስከ ቋሚ፣ ከዚያም አምስት ከሃምሳ እስከምንለው ትንሹ ሳጥን መስመር ድረስ መሬቱን በባዶ እግራቸው ይረግጡታል። ዓይን ሣሩን ነው የሚያየው፣ ስርጉዱን የሚያገኘው እግር ነው ይላሉ። ውሃ የያዘ ስርጉድ ካገኙ ከአናጢ ቤት በፌስታል ያመጡትን ሰጋቱራ አፍስሰው ይጠቀጥቁታል። እኔም አንድ ጫማዬን አውልቄ ከኋላ እከተላለሁ። ተመልካቹ ይሳለቅብን ነበር። «ደምሌ፣ ሜዳውን ልታርሰው ነው?» ይላሉ እኩዮቻቸው። «ዘር አምጡና» ብለው ይመልሳሉ፤ አይቆጡም።

ሦስተኛው ልማዳቸው አንድ ጥያቄ ነው። ጨዋታ ሲጀመር ከግቡ ጀርባ በግራው ቋሚ በኩል ይቆማሉ። አይጮሁም፣ አያጨበጭቡም። ጨዋታው ሲያልቅ ብናሸንፍም ብንሸነፍም የሚጠይቁኝ አንድ ነው፤ «ጠርተህ ነበር?»

በረኛ ያልሆነ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ላይገባው ይችላል። ኳስ ከጥግ ተሻግራ በአየር ስትመጣ ተከላካዩም በረኛውም ያይዋታል። ሁለቱም ከሄዱ ይጋጫሉ፤ ሁለቱም ከተዉ ግብ ነው። ስለዚህ በረኛው «የኔ!» ብሎ ይጠራል። ከጠራ መሄድ አለበት፣ ተከላካዩም መተው አለበት። አያ ደምሌ ይህን እንደ መሐላ ነበር የሚያዩት። የጠራሃት ኳስ ብታመልጥህ ጥፋቱ ያንተ ነው፣ ብትይዛትም ያንተ ነው፤ ሌላ ሰው የለበትም ይሉኝ ነበር።

እንዲህ ተምሬ ለከተማው ወጣት ቡድን ገባሁ። ፈረስ ቤት ከተማ ላይ ኳሷ ከጉም ውስጥ ድንገት የምትወጣበትን ሜዳ አውቃለሁ፤ እዚያ የምትይዘው በጆሮህ ነው። ገበዝ ማርያም ላይ ብርዱ ጣትን ስለሚያደነዝዝ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ቆሜያለሁ። መራዊ ላይ ደግሞ ግቡ ጀርባ የቆሙ የጋሪ ፈረሶች ኳስ በወጣች ቁጥር ይደነብሩ ነበር፤ ባለጋሪዎቹ የሚሰድቡት መቺውን ሳይሆን ኳሷን ያሳለፍሁትን እኔን ነው። ከዚያ ለቡሬ ቡድን ሁለት ዓመት ተጫወትሁ። ቴሴራ የምንለው የተጫዋች መታወቂያ የተሰጠኝ እዚያ ነው። ፎቶው ላይ ደንግጫለሁ።

ቡሬ ላይ ከይርሳው ጋር ተገናኘሁ። ከቡሬ ወደ ፈጠም ወንዝ በሚወስደው መንገድ ያለ የገጠር ሰው ነው፤ የመሐል ተከላካይ። ቁመቱ ከበሩ ጉበን ጋር ሁልጊዜ ያጣላው ነበር። ሰው አፍ እስኪከፍት ቀልዱን የሚጨርስ ሰው ነው፤ ሜዳ ላይ ግን እንደሱ የሚታመን አላየሁም። እኔ «የኔ!» ስል አንገቱን ዝቅ ያደርጋል። ዞሮ አያይም። ለምን አታይም ብዬ ብጠይቀው «ጠርተኸኝ የለም እንዴ፣ ምን ልታዘብ እዞራለሁ?» አለኝ። የፍኖተ ሰላም ቡድን ደሞዝ ከፍሎ ሲወስደኝ እሱንም ካልወሰዳችሁ ብዬ አብረን ሄድን።

በሁለተኛው ዓመት ወደ ላይኛው ሊግ ለማለፍ አንድ ጨዋታ ቀረን። ጨዋታው ከቡሬ ቡድን ጋር፣ እዚያው ቡሬ ላይ ነበር። አቻ ይበቃን ነበር።

የዚያን ቀን ከአንድ ትልቅ ቡድን እኔን ሊያዩ የመጡ ሁለት ሰዎች ነበሩ። መነጽር ያደረጉ፣ ጫማቸው ጭቃ እንዳይነካው በድንጋይ ላይ የሚረማመዱ ሰዎች። አዲስ ጓንት አድርጌያለሁ። አያ ደምሌ እንደ ልማዳቸው ከግቡ ፊት ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማውለቅ ሲጀምሩ ከሰዎቹ አንዱ ስልኩን አንሥቶ ሊቀርጻቸው ጀመረ። ፈገግ ብሏል። እኔ በዚያች ሰዓት በአያ ደምሌ አፈርሁ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን አፈርሁባቸው።

«አያ ደምሌ፣ ይተዉት» አልኋቸው። «ዛሬ ሜዳው ደረቅ ነው።»

ደረቅ አልነበረም። የቡሬ ሰማይ ዋዜማውን ሙሉ ሲያወርደው ነበር የዋለው። አያ ደምሌ ሰዎቹንም እኔንም አዩን። ጫማቸውን መልሰው አጠለቁና ሰጋቱራ ያለበትን ፌስታል እንደታሰረ ከቋሚው ሥር አስቀመጡት።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ባዶ ለባዶ ነበርን። በቀኝ በኩል ኳስ ተሻገረች። ከፍ ያለች፣ ዝግ ያለች፣ እናቴ ብትሆን የምትይዛት ኳስ ናት። «የኔ!» ብዬ ወጣሁ። ይርሳው አንገቱን ዝቅ አደረገ። ሁለተኛው እርምጃዬ ስርጉድ ውስጥ ገባ። እግሬን ጭቃው ያዘው። ልብ በሉ፣ አልወደቅሁም፤ ቆምሁ። መሄድም መመለስም ሳልችል ለአንዲት ቅጽበት ቆምሁ። ኳሷ በእኔና በይርሳው መካከል ነጥራ ተነሣች፤ የእነሱ አጥቂ በጉልበቱ ገፋት። መረቡ እንኳ በወጉ አልተነቃነቀም።

ተሸነፍን። ሜዳው ዳር የቡድናችን ሊቀመንበር ሐጂ ሰይድ፣ እህል ነጋዴ ናቸው፣ ሰው ሁሉ ከቦን ሳለ ምን ሆናችሁ ብለው ጠየቁ። መነጽር ያደረጉት ሰዎች ከጎናቸው ቆመው ይሰማሉ።

ይርሳው «ጠርቷት ነበር፤ ተውሁለት» አለ።

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። ኳሷን ስጠራ ተመልካቹ አልሰማኝም፣ በጩኸት ውስጥ ነበርን። ሌሎቹ ተጫዋቾች ራቅ ብለው ነበር። ይህን ሁሉ በቅጽበት አሰላሁት።

«አልጠራሁም» አልሁ። «ኳሷ የሱ ነበረች። ለምን እንደተዋት አላውቅም።»

ይርሳው መጀመሪያ የቀለድሁ መስሎት ሳቀ። ከዚያ «አንሙት፣ ንገራቸው እንጂ» አለኝ፤ ዝግ ባለ ድምፅ። እኔ የጫማዬን ማሰሪያ ለመፍታት ጎንበስ አልሁ። ማሰሪያው ተፈትቶ ካለቀም በኋላ ቀና አላልሁም።

ሳይጠራ አንገቱን ደፍቶ ኳስ ያሳለፈ ተከላካይ ምን እንደሚባል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሸጧት ነው ተባለ። እንዲያውም ጨዋታው የተደረገው በአገሩ በቡሬ ነውና ወሬው እግር አወጣ። ሐጂ ማስረጃ የለኝም ብለው በጨዋ ቃል አሰናበቱት። ይርሳው ወደ ፈጠም ተመልሶ እርሻው ውስጥ ገባ።

የዚያን ዕለት አያ ደምሌ እንደ ልማዳቸው ጠየቁኝ። «ጠርተህ ነበር?»

ስጠራ ከኋላዬ በአምስት እርምጃ ቆመው ነበር። ያንን እያወቅሁ «አልጠራሁም» አልኋቸው። ፌስታላቸውን አንሥተው ሄዱ።

ትልቁ ቡድን ወሰደኝ። ከተማው ሩቅ ነው፣ ሜዳው እንደ ምንጣፍ ነው፣ ደሞዙም ጥሩ ነበር። ቤተሰቤን ይዤ ሄድሁ። እዚያ ግን አንድ ነገር ደረሰብኝ። ድምፄ ጠፋ። መኝታ ቤት አወራለሁ፣ ልምምድ ላይ አወራለሁ፤ ኳስ ተሻግራ ስትመጣ ግን «የኔ» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ይቀመጣል። አፌን እከፍታለሁ፣ አይወጣም። ተከላካዮቹ ዞረው ያዩኛል። በረኛውን ዞሮ የሚያይ ተከላካይ ደግሞ አጥቂውን ያጣዋል። አሠልጣኙ ደህና ሰው ነበር፤ አንድ ቀን በሁሉም ፊት «እኔ በረኛ አምጡልኝ አልሁ እንጂ መነኩሴ አምጡልኝ መች አልሁ?» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ፤ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ወረቀቴን ሰጡኝ።

ፍኖተ ሰላም ተመልሼ የድሮ ቡድኔ ተቀበለኝ። በመጀመሪያው ጨዋታ ወደ ኋላ ዞር ብዬ ግራውን ቋሚ አየሁ። ባዶ ነው። በሁለተኛውም ባዶ ነው። አትክልት ቦታው ድረስ ሄድሁ።

«አያ ደምሌ፣ ምነው ከኋላዬ አይቆሙልኝም?»

ማንጎ እየለዩ ነበር፤ ቀና አላሉም። «ቆሜ የሰማሁትን ሰምቻለሁ» አሉ። «ያንን አንተ እስክትናገረው ሌላ የምሰማው የለኝም።»

እንዲህ ተብሎም ወዲያው አልተናገርሁም። ልጆቼ አባታችን ቆራጥ ነው ይላሉ፤ አይደለም። ወራት አለፉ። በመጨረሻ ያስነሣኝ አያ ደምሌም አይደሉም፣ የራሴ ቤት ነው። ትልቋ ልጄ አራት ዓመቷ ነበር። ብርጭቆ ሰበረችና የጎረቤት ልጅ ነው የሰበረው አለች። እኔ መሳት ያለ ነው፣ በሰው ማላከክ ግን በቤቴ አይገባም ብዬ አርጩሜ አነሣሁ። ባለቤቴ ጥሩአየሁ ነገሩን የምታውቅ ብቸኛ ሰው ነበረች፤ አንድ ጊዜ ለሷ ተናዝዣለሁ። ከምድጃው ሳትነሣ አየችኝና፣

«በየትኛው እጅህ ልትመታት ነው?» አለች።

አርጩሜውን አስቀመጥሁ። በዚያው ወጥቼ ሐጂ ሰይድ መጋዘን ሄድሁ። ሐጂ ጆንያ ሲያስጭኑ ነበር። የጫኞቹን ሥራ አስቆሙና ቁጭ ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ «አንተ በአንድ ቃል ዋሸህ፤ እኔ በዚያች ቃል የሰው ልጅ ከእንጀራው አስወጣሁ» አሉ። «ይቅርታውን ብቻህን አትጠይቅም። እኔም እሄዳለሁ።» በሳምንቱ የቡድኑ ስብሰባ ላይ ተጫዋቹም ደጋፊውም ባለበት አስነሥተው አስነገሩኝ። አንዳንዱ ሰደበኝ። የተሰደብሁት ተገቢውን ነው።

አያ ደምሌ ያን ቀን ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር። ሲወጡ በበሩ ላይ ትከሻዬን ነክተው «ቅዳሜ ለፈጠም መንገድ ተዘጋጅ» አሉኝ።

ሦስት ሽማግሌዎች ሆነው ወሰዱኝ፤ አያ ደምሌ፣ ሐጂ ሰይድና የይርሳው የነፍስ አባት። ከቡሬ ወዲያ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር ሄድን። በአገራችን ደንብ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚቀርበው። ድንጋዩን ከወንዙ ዳር ራሴ መረጥሁ። ትንሽ ብመርጥ አያ ደምሌ አገላብጠው እንደሚያዩት ስለማውቅ ትልቅ መረጥሁ። ማጅራቴ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ይዤ፣ አጎንብሼ ግቢው ገባሁ።

ይርሳው ጎተራው አጠገብ ቁጭ ብሎ በቆሎ ይፈለፍል ነበር። ሽማግሌዎቹን ብድግ ብሎ አጎንብሶ ተቀበለና አስቀመጣቸው። እኔን አየኝ። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠና በቆሎውን መፈልፈል ቀጠለ።

ቄሱ የመጣንበትን ተናገሩ። ሐጂ ሰይድ የራሳቸውን ጥፋት ተናገሩ። እኔም ከድንጋዩ ሥር ሆኜ ሁሉንም ተናገርሁ፤ ጫማውን፣ ስልኩን፣ ስርጉዱን፣ ጠርቼ እንደነበር፣ ማሰሪያዬን ስፈታ እንደቆየሁ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ያቃጥለኛል። ይርሳው አንዱን የበቆሎ ራስ ጨርሶ ሌላ አነሣ። ያንንም ጨረሰ። ድንጋዩ እንዳይንሸራተት ጣቶቼን አጠበቅሁ።

በስተመጨረሻ ወደ አያ ደምሌ ዞሮ፣

«ይኼንስ አጥብቆ ይዞታል» አለ። «አያመልጠውም።»

ቄሱ ሳቃቸውን በሳል ሊያሳልፉት ሞከሩ፤ አልሆነም። ሐጂ ሰይድ ፊታቸውን ወደ ጎተራው አዞሩ። አያ ደምሌ ግን አልሳቁም፤ እሱን ብቻ ያዩ ነበር። ያኔ ይርሳው ተነሥቶ መጣ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«ገበያ ስወጣ ሰው ኪሴን እያየ ይጠይቀኝ ነበር፤ ስንት ሰጡህ እያለ» አለኝ። «ሦስት ዓመት፣ አንሙት። ይኼን አንተ በሦስት ደቂቃ ድንጋይ አትከፍለውም።»

«አውቃለሁ» አልሁ።

«ማወቅህን ነው የፈለግሁት።» ድንጋዩን ከማጅራቴ ላይ በሁለት እጁ አነሣና እግሬ ሥር ሳይሆን ደጃፉ ላይ አስቀመጠው። «ይቅር ለእግዚአብሔር። እዚህ ይቀመጥ፤ የሚጠይቀኝ ሲመጣ እሱን አሳየዋለሁ።»

እናቱ በዚያ ቀን ያቀረቡልንን ገንፎ እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ፤ ማጅራቴን ስላመመኝ ቀና ብዬ አልበላሁትም ነበር።

ሐጂ ሰይድ በዚያው ቦታ ይርሳውን ወደ ቡድኑ ጠሩት። አርጅቻለሁ አለ፣ ሠላሳ እንኳ አልሞላውም። በቆሎዬ አልተሰበሰበም አለ። ሲጨርስ መጣ። በመጀመሪያው ልምምድ ኳስ ስትሻገር አፌን ከፈትሁ። ወጣ። ድምፄ እንደ ጥሩምባ ወጣ። ይርሳው አንገቱን ዝቅ አደረገ፣ ዞሮ አላየም። ያን ቀን ጓንቴን አውልቄ ፊቴን በውሃ አጠብሁ፤ ላብ ነው ብዬ።

በዚያው ዓመት እንደገና እዚያው ደረስን፤ ወደ ላይኛው ሊግ የሚያሳልፍ ጨዋታ፣ አሁን ግን በሜዳችን። ሰው ዛፍ ላይ ወጥቷል፣ የሐጂ ሰይድ የጭነት መኪና ጣሪያ ላይ ቆሟል። ከጨዋታው በፊት አንድ ጫማዬን አውልቄ ከቋሚ እስከ ቋሚ ረገጥሁ። ስልክ የያዘ ሁሉ ይቅረጸኝ። ከግራው ቋሚ በስተጀርባ አያ ደምሌ ፌስታላቸውን ፈተው ሰጋቱራ አቀበሉኝ።

አንድ ለባዶ እየመራን ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን። መቺው ወደ ኳሷ ሲሄድ ትከሻውን አየሁ፤ ቀኝ ትከሻው ቀድሞ ዝቅ አለ፣ ስለዚህ ወደ ግራዬ ነው። ሄድሁ፤ አወጣኋት። ትንሿ ጣቴ የተሰበረችው በዚያች ኳስ ነው፤ ሕመሙ የተሰማኝ ግን ኋላ ነው። ሰዎች ዛሬም የሚያወሩት ይህችን ነው። ለእኔ ግን የዚያ ቀን ኳስ ሌላ ናት።

ሊያልቅ ሲል በቀኝ በኩል ኳስ ተሻገረች። ከፍ ያለች፣ ዝግ ያለች። ያችው ናት ማለት እችላለሁ። ይርሳው ከፊቴ ነው፣ አጥቂያቸው ከጎኑ ነው። «የኔ!» አልሁ። ሌላ ነገር ሳላስብ፣ በሙሉ ሆዴ። ይርሳው ሰባት ሺህ ዓይን እያየው፣ ሸጣት ተብሎ ያውቃልና ሁሉም እሱን ብቻ እያየው፣ አንገቱን ዝቅ አደረገ። እግሬ ጠንካራ መሬት ረገጠ። ከይርሳው ራስ በላይ ወጥቼ ያዝኋት፤ እጄ ትንሽ አብሯት ተመለሰ፣ ወደ ደረቴ ገባች። ብታሳድሯት ጥቁር ነጥብ አይገኝባትም ነበር።

ዳኛው ሲነፋ ይርሳው አቅፎ አነሣኝ። አያ ደምሌ ቀስ ብለው ወደ እኛ መጡ። ያን ቀን አልጠየቁኝም። እስከ ገበያው ተሰምቶ ነበር።

በላይኛው ሊግ ብዙ ዓመት ተጫወትን። አንድ ዓመት የሊጉ ምርጥ በረኛ ተብዬ ዋንጫ ተሰጠኝ፤ ጥሩአየሁ ሳሎን አስቀምጣዋለች፣ ልጆቹ እርሳስ ይከቱበታል። መንገድ እየተዘጋ ጨዋታ የቀረባቸው ወራትም ነበሩ፤ ያኔ ብቻዬን ከማንጎው ሥር ስሠራ እውል ነበር። አምበል ሆንሁ። ይርሳው ከእኔ ቀድሞ ጫማውን ሰቀለና በክብር፣ ዘፈን ተዘፍኖለት ወደ እርሻው ተመለሰ። ገበያ ሲወጣ አሁን የሚጠይቁት ስለዚያች ጨዋታ ነው፤ የሚያወራው ግን እኔ ካደረግሁት ሁለት እጥፍ አድርጎ ነው።

ሙያውም ተለወጠ። አዲሱ አሠልጣኝ ኮምፒውተር ይዞ ይመጣል፤ በረኛ በእግሩ ኳስ ማከፋፈል አለበት ይላል። ልክ ነው፤ ወጣቶቹ ያደርጉታል፣ እኔ ደግሞ የእጅ ሰው ነኝ። ሰው ሥራው ትቶት ሳይሄድ እሱ ቀድሞ ሥራውን ቢተው ይሻላል ብዬ ዘንድሮ በቃኝ አልሁ።

በመጨረሻው ጨዋታዬ ቀን አያ ደምሌ ጉልበታቸው ቆሞ መዋል አይችልም ነበር፤ ጆሯቸውም ደክሟል። ጥዋት ሜዳው ላይ ስደርስ አንድ ባጃጅ ከግቡ ጀርባ ቆሟል። ይርሳው ከባጃጁ ውስጥ አንድ ትልቅ ድንጋይ አቅፎ እያወረደ ነው። ከሩቁ አወቅሁት፤ ማጅራቴ ያውቀዋል።

«ባለባጃጁ ለድንጋይም እንደ ሰው ነው ያስከፈለኝ» አለ። ከግራው ቋሚ ጀርባ አስቀመጠው፣ በጋቢው አለበሰው፣ አያ ደምሌን ደግፎ አመጣና አስቀመጣቸው። እሱም ከጎናቸው ቆመ።

ሁለት ለአንድ አሸነፍን። ሊያልቅ ሲል ኳስ ተሻገረች፣ ወጣሁ፣ ያዝሁ። ዳኛው ሲነፋ ጓንቴን ሳልፈታ ወደ ግቡ ጀርባ ሄድሁና ከአያ ደምሌ ፊት ተንበረከክሁ። ጎባጣ ጣቶቻቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ።

«ጆሮዬ ከድቶኛል» አሉ። «ጠርተህ ነበር?»

ልመልስላቸው አፌን ስከፍት ይርሳው ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለ።

«ጠርቷል አያ ደምሌ» አላቸው። «እኔ ሰምቻለሁ።»